የሥራ ልምድ ለማይጻፍልን ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ፖርትፎሊዮ ነው፤ የሠራናቸውን ሥራዎች ሰብስበን ለደንበኛ ስለምናሳይበት ገጽ። በተለይ እንደኔ የወር ደመወዝ ሳይጠብቁ፣ ዛሬ ዲዛይን፣ ነገ ትርጉም፣ ከነገ ወዲያ ቪዲዮ ኤዲቲንግ እየሠሩ ለሚያድሩ ሰዎች።

ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ የሥራ ልምድ ይጻፍለታል። ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሰውየው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ይወጣል። ሳይቀጠር በየሥራው እየተዋዋለ የሚሠራው ፍሪላንሰርስ? ሎጎውን አስረከበ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ አለቀ። ለእሱ ማን ይጽፍለታል? እውነቱን ለመናገር ያ ባለማኅተም ደብዳቤም ቢሆን “ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዲዛይነርነት አገልግሏል” ይላል እንጂ፣ ሰውየው ምን እንዳሰበና ምን እንደፈታ ትንፍሽ አይልም።

እኔ ፖርትፎሊዮን የማየው እንደዚህ ነው፦ ራሳችን የምንጽፈው፣ ማስረጃው አብሮት ያለ የሥራ ልምድ። ለዚህ ነው ሃያ የሚያማምሩ ምስሎች ያለ አንድ መስመር ጽሑፍ ተደርድረው ሳይ የምቆጨው። ሥራው አለ፣ ሠሪው የለም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አማርኛና እንግሊዝኛ ያለበት የቡና ማሸጊያ ሠራችሁ እንበል። እንግሊዝኛው ርዕሱን በትልልቅ ሆሄያት ያጎላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው፣ ርዕሱን ከዝርዝሩ የምትለዩት በመጠን፣ በውፍረትና በመሳሰለው ነው። “ቡ”ን ከ“ቢ” የምትለየው ደግሞ ጎኗ ላይ ያለች ትንሽ ሰረዝ ናት፤ መሐል ላይ ናት ወይስ ታች? ሻካራ ወረቀት ላይ በትንሹ ስትታተም ቀለም ይውጣታል። ስለዚህ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ከፍ አደረጋችሁት፣ በመስመሮቹ መካከል አየር ሰጣችሁ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ደረጃ ያለው ፎንት መረጣችሁ። ይህ ሁሉ ሐሳብ ምስሉ ላይ አይታይም! ከሥሩ አራት መስመር ስትጽፉ ነው የሚታየው። ደንበኛው ምን ፈለገ፣ ምን አስቸገረ፣ ምን ወሰናችሁ፣ ከዚያ ምን ሆነ። ያን ያነበበ የማር ነጋዴ ለእሱም እንደምታስቡለት ይገባዋል።

ፐርሰናል ብራንድ ለሚባለው ነገር፣ ሰው ስማችንን ሲሰማ ለሚያስበው ማለቴ ነው፣ ከዚህ የተሻለ መሠረት አላውቅም። ቀለሙና የፕሮፋይል ፎቶው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ሁለት ሦስት ሙያ ያላችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ ሁሉንም አንድ ላይ ላድርገው ወይስ ልለያየው? የእኔ መልስ፣ ስማችሁ አንድ ይሁን፣ በሩ ይለያይ። የሠርግ ቪዲዮ የሚፈልግ ሰው የድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ሌይአውት ሲያይ ይህ ሰው ዋና ሥራው ምንድን ነው ብሎ ይጠራጠራል። ለእያንዳንዱ ሙያ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ለደንበኛው የእሱን ገጽ ሊንክ ብቻ ላኩለት። ገጹ ቀላል ይሁን እባካችሁ። አብዛኛው ሰው የሚከፍተው በስልኩ፣ በገዛው ፓኬጅ ነው። ከባድ ምስል እስኪመጣ የሚጠብቅ የለም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን ያለን ፖርትፎሊዮ የቴሌግራም ቻናል ነው። ጥሩ ነው፣ ደንበኛው እዚያ ነው ያለው። ግን ከየካቲት 2015 ዓ.ም ጀምሮ ለአምስት ወር ገደማ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን፣ ማለትም እገዳ ማለፊያ መተግበሪያ፣ አልከፈት ብለው እንደነበር አትርሱ። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻም አይደለም። ማይስፔስ የሚባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2015 ሙዚቀኞች የጫኑትን የ12 ዓመት ዘፈን ሰርቨር ሲያዛውር አጥቶታል። ሌላ ቅጂ ያልነበረው ሰው ሥራው አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ ዋናው ፋይል በእጃችሁ ባለ ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ፣ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑረው። የራሳችሁን ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ፣ ለመግዛት በዶላር መክፈል ከከበዳችሁ ጊትሃብ ፔጅስ በሚባለው የድረ ገጽ ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ በነጻ መጀመር ይቻላል። ቴሌግራሙ ወደዚያ ይምራ። ሥራዎቻችሁን የያዘ አንድ ፒዲኤፍ ደግሞ ሁልጊዜ ስልካችሁ ላይ ዝግጁ ይሁን።

ሥራዬን ማሳየት እንደ ጉራ ይቆጠርብኛል ብለው የሚሳቀቁ በጣም ጎበዝ ሰዎች አውቃለሁ። ይሉኝታው ይገባኛል፣ እንዲህ ነው ያደግነው። ለእነሱ የምለው፣ አብረዋችሁ የሠሩትን ሰዎች ጥቀሱ። ፎቶውን ማን እንዳነሳ፣ ጽሑፉን ማን እንዳረመ ጻፉ። የራሳችሁ ድርሻ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ግልጽ ሲሆን፣ የሚያየውም ያምናችኋል፣ እናንተም አትሸማቀቁም።

የመጨረሻው ነገር ውል ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በትእዛዝ የሠራችሁት ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመጠቀምና የማሳየት መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ያዘዛችሁ ሰው ነው። የሥራው አመንጪ ነኝ የማለት የሞራል መብት የእናንተው ሆኖ ይቀራል፤ ምስሉን አባዝቶ ማሳየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሩ፦ “ሠሪው ይህን ሥራ፣ ምርቱ ለገበያ ከቀረበ በኋላ፣ በግል ፖርትፎሊዮው ላይ ማሳየት ይችላል።” ቅድመ ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት ነው የምትነጋገሩበት፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ስልክ የሚያነሳላችሁ ላይኖር ይችላል። ሚስጥር ይሁንልኝ የሚል ደንበኛ ከገጠማችሁ፣ ስሙንና ምስሉን ትታችሁ ችግሩንና መፍትሔውን ብቻ ለመጻፍ አስፈቅዱት።

ውል ላይ የገጠማችሁ ነገር ካለ በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አብረን እንሰማዋለን። ቸር እንሰንብት።