ጠቤ ከአንድ ቃል ጋር ነው

የተከበራችሁ የሥነ ሕይወት መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

የዚህን ዓመት ጉባኤያችንን በንግግር እንድከፍት ስትጋብዙኝ ርዕሱን ለእኔ ስለተዋችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ግን ምን ይዤ እንደምመጣ አስቀድማችሁ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ዛሬም ጠቤ የጡንቻን ሥራ ለመግለጽ ከምንጠቀምበት «መኮማተር» ከሚለው ቃል ጋር ነው።

ተማሪ ሳለሁ መምህራችን የጡንቻን ሥራ ሊያስረዱን ከደብተራቸው አንድ ገጽ ገንጥለው በመዳፋቸው ጭምድድ አደረጉትና «ይኸው፣ ተኮማተረ» አሉን። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተጥሎ ቀስ እያለ ሲፈታ እስካሁን ይታየኛል፤ መላላት ማለት ይህ ነው ብለን ጻፍን፣ ፈተናም አለፍንበት። ከዓመታት በኋላ ከጥንቸል ጡንቻ የተለየ አንድ ቀጭን ክር በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጬ የኤቲፒ (ለሕዋስ ጉልበት የሚያቀብለው ሞለኪውል) ጠብታ ሲነካው ክሩ አጠረ፤ በክሩ ላይ ከሚፈራረቁት ጥቁርና ነጭ መስመሮች ጥቁሩ ግን ስፋቱ እንደነበረ ነው፣ የጠበበው ነጩ ብቻ ነው። የተጨማደደ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ይህ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 አንድሩ ሃክስሊ ከሮልፍ ኒደርገርክ ጋር፣ ሂዩ ሃክስሊ ከጂን ሃንሰን ጋር ሆነው (ሁለቱ ሃክስሊዎች የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም) በአንድ የኔቸር መጽሔት እትም ጎን ለጎን አሳትመውታል። በጡንቻው ክር ውስጥ ማዮሲንና አክቲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠሩ ሌሎች ደቃቅ ክሮች አሉ፤ 1.6 ማይክሮሜትር ገደማ የሚረዝመው የማዮሲን ክር አያጥርም፣ የአክቲኑም አያጥርም፤ አንዱ በሌላው መሃል ይንሸራተታል እንጂ። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ የቆመ ክንድማ ጡንቻው ሳያጥርም ይስባል፤ ስለዚህ «መሳብ» ብንለው ምን ይጎድልብናል?

ከቃሉ የባሰው ግን ከቃሉ የተወለደው ስሕተት ነው፦ «መሳብ ጉልበት ይጠይቃል፣ መላላት ዕረፍት ነው» እያልን እስከ መቼ እናስተምራለን? ከማዮሲን ክር ጎልቶ የወጣው ራስ ኤቲፒን ለሁለት፣ ወደ ኤዲፒና ፎስፌት ሰንጥቆ እንደተለጠጠ ቀስት ይዘጋጃል፤ አክቲንን ይዞ ፎስፌቱን ሲለቅ ይታጠፍና ክሩን ጥቂት ናኖሜትር ይጎትታል፤ ከዚያም አዲስ ኤቲፒ መጥቶ እስኪያርፍበት ድረስ የያዘውን አይለቅም። ሬሳ የሚደርቀው ለዚህ ነው! ኤቲፒ ያለቀበት ጡንቻ ራሶቹ አክቲኑን እንደጨበጡ ይቀራሉ፤ ፕሮቲኖቹ እስኪፈርሱም ድረስ የሚያላቅቃቸው የለም። ለመልቀቅም ይከፈላል ማለት ነው፤ ጡንቻው እንዲስብ ምልክት የሚሰጠውን ካልሲየም ወደ ማከማቻው የሚመልሰው ፓምፕ እንኳ ለሁለት የካልሲየም አዮኖች አንድ ኤቲፒ ይበላል።

ስለ ካልሲየም አሠራር ከሰዓት በኋላ በሰፊው ስለምትወያዩበት ብዙ አልልም፤ በአክቲኑ ክር ላይ ባለው ትሮፖኒን በተባለ ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ፣ ማዮሲን የሚይዝበትን ስፍራ የሸፈነው ትሮፖማዮሲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ገለል ይላል፣ በሩም ይከፈታል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ ክፍል ስትገቡ ወረቀት አትጨማድዱ፣ የሁለት እጆቻችሁን ጣቶች አሰካክታችሁ አንሸራትቱ። በፈተናችሁም ላይ «ሬሳ ለምን ይደርቃል?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ፤ «ጡንቻው ጉልበት ስላገኘ ተኮማትሮ ነው» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ሲያጋጥማችሁም ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት እናንተ ያስገለበጣችሁትን ማስታወሻ ከደብተሩ ላይ አንብቡት።

አመሰግናለሁ።