እጇን ያልያዝኩበት ትዕይንት
(ጎንደር ላይ ፊልሙ ከመታየቱ በፊት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ፊልም የቀረጽነው እናንተ ጠዋት ማታ በምትመላለሱባቸው መንገዶች ላይ ነው። በቀረጻው ሰሞን ባለ ባጃጆች ሞተራችሁን አጥፍታችሁ ቆማችሁልናል፤ ፒያሳ ያላችሁ ባለ ሱቆች ሙዚቃችሁን ዘግታችሁልናል። የድምፅ ባለሙያችን «ጎንደር ባትተባበረን ኖሮ ግማሹን ንግግር እንደገና ስቱዲዮ ውስጥ እንቀዳው ነበር» ብሏል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላችኋለሁ።

እኔ የተጫወትኩት አፍቃሪውን ነው። በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሀገር ልብስ የሚሰፋ፣ አንዲት ነርስ የወደደ ወጣት። ብዙ ሰው የፍቅር ፊልም መሪ ተዋናይ ሥራው ቃል ማሳመር ይመስለዋል። ለእኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። የመጣሁት ከመድረክ ነው። መድረክ ላይ ፍቅርም ሆነ ቁጣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ መሰማት አለበት፤ ድምፅህ ካልደረሰ ስሜትህም አልደረሰም። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን የፍቅር ትዕይንት አሥራ አንድ ጊዜ ቀረጽነው። አዘጋጁ አንዱንም አልወደደውም። በመጨረሻ አጠገቤ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ «እሷ ስትናገር አንተ ምን እያደረግህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር።

ካሜራ ይህን ያያል። ተራውን የሚጠብቅን ሰውና የሚያዳምጥን ሰው ለይቶ ያውቃል። ከመቶ ዓመት በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም ባለሙያ የአንድን ተዋናይ ያንኑ አንድ ፊት መጀመሪያ ከሾርባ ሳህን፣ ቀጥሎ ከሬሳ ሣጥን፣ ከዚያም ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አያይዞ አሳየ። ተመልካቾቹ የተዋናዩን ረሃብ፣ ሐዘንና ፍቅር እንዳዩ ተናገሩ ይባላል። ፊቱ ግን አልተለወጠም። ይህን ታሪክ ቀደም ብዬ አውቀው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። የአፍቃሪ ፊት ፍቅሩን የሚያገኘው ከሚያየው ሰው ነው።

ማየትን ለመማር ሩቅ አልሄድኩም። በነጋታው ማለዳ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባሁ። ልጅ ሆኜ አያቴ እጄን ይዛ ስትወስደኝ አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ጣሪያው አንጋጥጬ እቆም ነበር። እነዚያ መላእክት አፋቸውን አይከፍቱም፤ ያላቸው ዐይን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከሥራቸው የቆመ ሰው ታየሁ ይላል። እዚያ ቆሜ «እኔስ ሰውን እንደዚህ አይቼ አውቃለሁ?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ሁለተኛው አስተማሪዬ ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው። ሦስት ሳምንት ያህል በረንዳቸው ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ስፌት የተማርኩባቸው ጋሼ ናቸው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት፣ ጥለቱን ሳይጠመም ከጫፍ እስከ ጫፍ ማስኬድ፣ መርገጫውን በእኩል ምት መርገጥ፤ ይህን ሁሉ አስተምረውኛል። አንድ ቀን አንዲት እናት የሠርጋቸውን ቀሚስ ይዘው መጡ። ጨርቁ አልቋል፤ ጥበቡ ግን ደህና ነው፤ ጥበቡ ተፈትቶ ለልጅ ልጃቸው ቀሚስ እንዲሰፋላቸው ፈለጉ። ስለዚያ ቀሚስ ማውራት ሲጀምሩ ጋሼ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ፤ መዳፋቸውን መዘውሩ ላይ አሳርፈው እንዳይዞር ያዙት። ሴትዮዋ ተናግረው እስኪጨርሱ መዘውሩን አልለቀቁትም። የሚሰፋ ብዙ ልብስ ተቆልሎ ነበር፤ ወደዚያ እንኳ ዞር አላሉም። ያቺን እጅ እንዳለች ወስጃታለሁ። ዛሬ ፊልሙ ላይ ታዩዋታላችሁ።

ነርሷን ስለተጫወተችው የሥራ ባልደረባዬም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። እኛ የመለያየቱን ትዕይንት የቀረጽነው የመተዋወቂያውን ሳንቀርጽ በፊት ነው። ሌሊት ነበር፤ ቦታው ቁስቋም አካባቢ፤ የጎንደርን የታኅሣሥ ብርድ ታውቁታላችሁ። የእሷ ፊት ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ካሜራው ወደ እኔ ዞረ። ወደ ሆቴሏ ሄዳ ብታርፍ ማንም አይወቅሳትም ነበር። አልሄደችም። ከሌንሱ ጎን፣ ማንም በማያያት ቦታ ቆማ፣ እያንዳንዱን ቃል ከነእንባዋ ደጋግማ ሰጠችኝ። ያን ሌሊት ፊቴ ላይ የምታዩት ነገር ሁሉ ከእሷ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በመጀመሪያው የፊልም ጽሑፍ ላይ እንዲህ የሚል ትዕይንት ነበር። ነርሷ «አይሆንም» ብላ ትሄዳለች። እሱ ይከተላታል፤ ክንዷን ይይዛል፤ ወደ ራሱ ያዞራታል፤ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ ልቧ ይሸነፋል። እንዲህ ያለ ትዕይንት ስንት ጊዜ አይታችኋል? እኔ በልጅነቴ እያየሁ አጨብጭቤለታለሁ። ልምምድ ላይ እንደተጻፈው ክንዷን ያዝኩ። ባልደረባዬ ቆም አለችና «እንዲህ ስትይዘኝ የማስበው ስለ ፍቅር አይደለም፤ እንዴት እንደማመልጥ ነው» አለችኝ።

እጄን ለቀቅኩ። ወዲያው ትዝ ያለችኝ አያቴ ናት። አያቴ የተዳረችው ተጠልፋ ነው። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ከወንዝ ዳር ነው የወሰዷት። ስለዚያ ቀን ስትናገር ሁልጊዜ የምታነሣው ክንዷን ነው፤ ሲለቋት የጣት ምልክት ቀርቶበት እንደነበር። ያኔ ሕጉም አልቆመላትም። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ አገባችው ከተባለ ክሱ ይቀር ነበር። ይህ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ከዚያ በፊት ተወልዳችኋል።

ከጸሐፊውና ከአዘጋጁ ጋር ሁለት ሌሊት ተከራከርን። ከባልደረቦቻችን አንዱ «የጎንደር ወንድ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፤ ተመልካች ይንቅሃል» አለኝ። በዚህ ፈጽሞ አልተስማማሁም። የእኛ አገር የፍቅር ቋንቋ ክንድ መያዝ አይደለም፤ ቅኔ ነው። በሰምና ወርቅ የሚናገር አፍቃሪ ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት። ፍቅሩን ወርቁ ውስጥ ደብቆ ሰሙን ብቻ ያቀርብላታል። ከወደደችው ወርቁን ፈትታ ትመልስለታለች፤ ካልወደደችው ሰሙን ብቻ የሰማች መስላ ታልፋለች። እሷም አታፍርም፣ እሱም አይዋረድም። ቅኔው ለተወደደችው ሴት የመውጫ በሯን ክፍት ትቶላታል። አባቶቻችን ይህን ያህል ጨዋነት በሁለት መስመር ግጥም ውስጥ ማኖር ከቻሉ፣ እኛ በአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም እንዴት ያቅተናል?

ወጣት ወንድሞቼ፣ ይህን ለእናንተ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ሰው ፊልም አይቶ ሲወጣ የመሪ ተዋናዩን አካሄድ፣ የፀጉር ቁርጥ፣ አነጋገር ይዞ ይወጣል። እኔም ይዤ ወጥቻለሁ። አሁን እኔ ስክሪኑ ላይ ስቆም አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከእኔ ምን ይዞ እንደሚወጣ ሳላስብ መሥራት አልችልም።

ትዕይንቱ ተለወጠ። አሁን «አይሆንም» ስትለው ከመቀመጫው አይነሣም። ትሄዳለች። ካሜራው እሷን አይከተልም፤ እሱ ላይ ይቆያል፤ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ቃል የለኝም፤ የያዝኩት ነገር ቢኖር የስፌት መኪናውን መዘውር ብቻ ነው። በተዋናይነት ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም፤ እንደዚያ የምወደውም የለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አሁን አልነግራችሁም።

ጋሼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። የለበስኩትን ይህን ልብስ የሰፉልኝ እርሳቸው ናቸው፤ የአንገትጌውን ጥልፍ ትናንት ማታ ነው የጨረሱት። ጋሼ፣ እጅዎን ለመምሰል የቻልኩትን ያህል ጥሬያለሁ፤ ያልመሰለዎት ቦታ ካለ ነገ በረንዳው ላይ እመጣለሁ፤ ይንገሩኝ።

መብራቱን ማጥፋት ትችላላችሁ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ጆሮ ስጡልኝ። አመሰግናለሁ።