አርቪ ለሦስት ወር ሲቆም

[ምስል፦ የቆመ አርቪ፣ ጎማው ሥር ድጋፍ ገብቶበታል]

አርቪን፣ መኝታ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ያለውን መኪና፣ ቤቱ አድርጎ አሜሪካን የሚዞር ሰው ዕቅዱን የሚያፈርስበት ብዙ ጊዜ መኪናው አይደለም። ራሱ ይታመማል፣ ወይም እናት ወድቀው ዳሌያቸው ይሰበራል። ያኔ በየሳምንቱ ሰፈር ይቀይር የነበረው ቤት ሆስፒታል አጠገብ ሁለት ሦስት ወር ይቆማል። አርቪ ደግሞ እንዲሄድ የተሠራ ነገር ነው፤ ሲቆም የራሱን ጣጣ ያመጣል።

መጀመሪያ ቦታ። በፌዴራል መሬት ላይ በነጻ መቆም አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቀን ይገደባል፤ ብዙው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ደግሞ በየ21 ቀኑ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አርቪ የሚቆምበት ካምፕ ውስጥ ቦታ በወር ተከራዩ፣ ከቀን ሒሳብ በብዙ ይረክሳል። መብራቱ ግን ብዙ ቦታ በቆጣሪ ለብቻው ስለሚከፈል ዋጋውን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎችም ለታካሚና ለአስታማሚ የአርቪ ማቆሚያ አላቸው፤ የሆስፒታሉን ሶሻል ዎርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) ጠይቁ።

[ምስል፦ የመብራት ሳጥን፣ 30 አምፕ ሶኬት]

ባለ 30 አምፕ ሶኬት የሚሰጠው 3,600 ዋት ነው። ኤሲው 1,500 ያህል፣ የውሃ ማሞቂያው 1,400፣ በደቂቃ አምስት ሊትር የሚሰጥ የኦክስጅን ማሽን 350 ያህል ይወስዳል። እስከዚህ ይችላል። ማይክሮዌቭ ስትጨምሩበት ግን ብሬከሩ ይወርዳል፣ ኦክስጅኑም አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ማዞር ነው። የጋዝ ምድጃው ግን እሳቱ ቤት ውስጥ ስለሚነድ ኦክስጅን ባለበት አይለኮስም። ምግቡ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይብሰል፣ ያን ጊዜ ኤሲው ይጥፋ። መብራት ለሚሄድበት ቀን የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር ከአልጋው አጠገብ ይኑር።

ሌሊት ሲፓፕ (በእንቅልፍ ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው አየር የሚገፋ ማሽን) የሚጠቀም ሰው አየሩን የሚያረጥበውን ማሞቂያ ቢያጠፋ ማሽኑ ከ30 እስከ 40 ዋት ይበቃዋል። በስምንት ሰዓት ከ240 እስከ 320 ዋት ሰዓት ማለት ነው። 100 አምፕ ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ስለሚይዝ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያሳድራል። የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ቁጠሩ፣ ከዚያ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ማሽኑን በኢንቨርተር (የባትሪውን መብራት ወደ ቤት መብራት በሚቀይር ዕቃ) ከማስኬድ ለሞዴሉ የተሠራውን፣ ከባትሪው በቀጥታ የሚያገናኘውን የዲሲ አስማሚ መግዛት ይሻላል፤ ኢንቨርተር ራሱ መብራት ይበላል።

[ምስል፦ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ቴርሞሜትር]

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። በጋዝም በመብራትም የሚሠራው የአርቪ ፍሪጅ ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ ውስጡ ያለው አሞኒያ የሚፈሰው በስበት ነው። መኪናው ካዘመመ ፈሳሹ መንገድ ላይ ይቀርና ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ይተዋል። ሰው ፍሪጁ ተበላሸ ብሎ ሠራተኛ ይጠራል፤ ጥፋቱ ግን የአቋቋሙ ነው። በውሃ ልክ ለክታችሁ አስተካክሉ። መድኃኒቱን ከኋላ ካሉት የብረት ክንፎች አርቁት፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል።

አሁን ደግሞ ማንም ማውራት ወደማይወደው ጉዳይ፣ ወደ ሽንት ቤት ታንክ። ብዙ ሰው ቱቦውን ከካምፑ ፍሳሽ ጋር ያገናኝና ቫልቩን ክፍት ይተዋል። ውሃው ይሄዳል፣ ደረቁ ይቀራል። ከወር በኋላ ሲሚንቶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ቫልቩ ይዘጋ። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ይለቀቅ፣ ቀጥሎ የእጣቢ ውሃው ታንክ ይለቀቅ፣ ቱቦውን አጥቦ ይሄዳል። ከዚያ ታንኩ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሊትር ንጹህ ውሃ ጨምሩ። ኬሞ የወሰደ ሰው ካለ ለ48 ሰዓት መድኃኒቱ በሽንትና በሰገራ ስለሚወጣ ሥራውን አስታማሚው ጓንት አድርጎ ይሥራው።

[ምስል፦ የአሜሪካ ካርታ]

ኦሪጅናል ሜዲኬር (የፌዴራል መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ያለው ሰው ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ካገኘ በየትኛውም ስቴት ይታከማል። በግል የመድን ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ብዙውን ጊዜ በአካባቢው ኔትወርክ (ኩባንያው በተዋዋላቸው ሐኪሞች) ይታጠራል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው ሜዲኬይድም በየስቴቱ የተለያየ ነው። በቪዲዮ የሚያይ ሐኪም ፈቃድ ሊኖረው የሚገባው ታካሚው በዚያ ሰዓት ባለበት ስቴት ነው። ስለዚህ ድንበር ተሻግራችሁ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት ንገሩት። ቴክሳስ ሊቪንግስተን ውስጥ ኤስኬፒስ የተባለው የአርቪ ክበብ ያቋቋመው ኬር ማዕከል ደግሞ አቅም ያነሳቸው ሰዎች ከአርቪያቸው ሳይወጡ ምግብና እርዳታ የሚያገኙበት ቦታ ነው።

ለመነሳት ስትዘጋጁ ጎማውን እዩ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ምልክት በኋላ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች 2319 ከሆኑ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈውን፣ ጥርሱ ደህና ቢመስልም፣ ቀይሩት፤ ቆሞ የከረመ ጎማ ጎኑ ይሰነጠቃል። አየሩን ጠዋት፣ ገና ሳይነዳ ለኩ።