እስስት ሲታመም፦ ከቀለሙ በፊት ምን ይታያል?

[ምስል፦ ልደታ፣ የኮንዶሚኒየም ሳሎን። ከመስኮቱ አጠገብ በወንፊት ሽቦ የተሠራ ቁመታም ቤት፤ በውስጡ ቅርንጫፍ የጨበጠ እስስት።]

በዱር የሚኖር እስስት መድከሙ በወፍ ወይም በእባብ ከታወቀበት ያችን ቀን ላያልፍ ስለሚችል፣ ሕመሙን መደበቅ ተፈጥሮው ነው። በሰው ቤት የሚኖረውም ይህን ጠባዩን አይተውም። ውስጡ እየተጎዳ ሳምንታትን በቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ባለቤቱ «ትናንት እኮ ደኅና ነበር» በሚልበት ቀን ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ሥር ከሰደደ ቆይቷል። በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው ሕመሙ ከዚያ ደረጃ ከመድረሱ በፊት በየትኛው የሰውነቱ ክፍል ላይ እንደሚታይ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ነው።

በቤት ውስጥ አያያዙ በስፋት የሚታወቀው፣ የትውልድ ቦታው የመንና የሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ የሆነውና በራሱ ላይ የራስ ቁር የመሰለ ከፍ ያለ ጉብታ የተሸከመው የየመን እስስት ስለሆነ፣ የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች የእርሱ ናቸው። በሀገራችን ደጋ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ የሚታዩት እስስቶች ቅዝቃዜን ከእርሱ በተሻለ ይችላሉ። ይሁን እንጂ እነዚህን ከአጥር አንስቶ ወደ ቤት ማስገባት አይገባም፤ የሀገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል።

ብዙ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ቀለሙን ነው። ቀለም ግን ስለ ሕመም ሲጠየቅ ደካማ ምስክር ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ እስስት በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ የተደረደሩ ጥቃቅን ክሪስታሎችን በማራራቅና በማቀራረብ ከቆዳው ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ይለውጣል፤ ጥቁረቱን የሚያመጣው ደግሞ ሜላኒን የተባለው ጥቁር ንጥረ ቀለም በሌሎች ሕዋሳት ውስጥ ሲሰራጭ ነው። ይህ ሁሉ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ያለ አንዳች ሕመም ነው። ጠዋት ሙቀት ለመሰብሰብ ይጠቁራል፣ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ይገረጣል፣ ድመት ወይም በመስታወት ውስጥ የራሱን ምስል ሲያይ በቁጣ ይዥጎረጎራል፤ እንቁላል የያዘች ሴት ደግሞ በጥቁር መደብ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ነጠብጣብ ታወጣለች። ቀለሙ የሚያሳስበው በሚገባ ከሞቀ በኋላም ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ወይም ደብዝዞ ሲውልና ይኸው ለተከታታይ ቀናት ሲደጋገም ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ቀለሙ አንድ ችግር እንዳለ እንጂ ችግሩ ምን እንደሆነ አይነግርዎትም።

[ምስል፦ እጅግ የተጠጋ፤ የእስስቱ ዓይን ብቻ።]

ዓይኑ ግን ይናገራል። የጤነኛ እስስት ዓይን ክብ ሆኖ ወደ ውጭ የወጣ ነው። ሽፋኑ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሞላ ሲሆን፣ መካከሉ ላይ ብሌኑን ብቻ የምታሳይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ ስለሚዞሩ፣ አንዱ መስኮቱን ሲያይ ሌላው በእጅዎ ያለችውን ፌንጣ ይከታተላል። ይህ መዟዟር ቀዝቀዝ ካለና ሽፋኑ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ በአብዛኛው ሰውነቱ ውሃ አጥሮታል። ከዚህ የሚከፋው ቀን ላይ ዓይኑን መጨፈኑ ነው፤ ጤነኛ እስስት ቀን አይተኛም፤ ስለዚህ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ ካገኙት «ደክሞት ነው» ብለው አይለፉት። ምክንያቱ የሰውነት ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት ችግር ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ድካም ሊሆን ይችላል፤ የትኛውም ቢሆን ለነገ የሚባል አይደለም።

አንድ ዓይን ብቻ ካበጠ ነገሩ ሌላ ነው። ቆዳውን ሊገፍ ሲል ዓይኑን አሳብጦ ቅርንጫፍ ላይ የሚያሽበት ጊዜ ስላለ፣ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ካለፈ አያሳስብም። እብጠቱ ውሎ ካደረ ግን ባዕድ ነገር ገብቶበት፣ መግል ይዞ ወይም የቫይታሚን ኤ እጥረት አግኝቶት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ በከተማችን የተለመደውን ልማድ ማንሳት ያስፈልጋል፦ ለማንኛውም የዓይን ሕመም ከየቤቱ መሳቢያ የምትወጣው የቲቲሲ ቅባት ነች። ምክንያቱ የቫይታሚን እጥረት ከሆነ ቅባቱ አያድነውም፤ ባዕድ ነገር ገብቶበት ከሆነም ሸፍኖ ያስቀረዋል፤ ቫይታሚን ኤውን በግምት መስጠትም፣ ሲበዛ መርዝ ስለሚሆን፣ መፍትሔ አይደለም።

ከዓይኑ ቀጥሎ የሚታየው አያያዙ ነው። የእስስት ጣቶች በእያንዳንዱ እግር ሁለትና ሦስት ሆነው እንደ ጉጠት የተከፈሉ ናቸው፤ ጤነኛው በጣትዎ ላይ ሲወጣ ጭብጡ ይሰማዎታል። ጭብጡ ከላላ፣ ሲራመድ ከተንቀጠቀጠ፣ የታፋው አጥንት ቀስት መስሎ ከተጣመመ ወይም መንጋጋው በቀላል ንክኪ የሚታጠፍ ከሆነ አጥንቱ ካልሲየም አጥሮታል። ምላሱም ይህንኑ ይናገራል፦ ጅራቱ ሳይቆጠር ከሰውነቱ የሚረዝም ምላስ ያለው እንስሳ አነጣጥሮ ሲስት፣ ወይም አፉን ከፍቶ ምላሱን ሳይወነጭፍ ሲቀር፣ ጡንቻው የሚሠራበት ካልሲየም ጎድሎታል ማለት ሊሆን ይችላል።

የአዲስ አበባ እናቶች ጨቅላ ልጆቻቸውን በጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት ሪኬትስን ፈርተው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእስስቱ ላይ የሚደርሰውም ከዚያው ወገን ነው። ፌንጣውን ፎስፈረስ በሌለው የካልሲየም ዱቄት ነስንሰው ቢሰጡትም፣ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ካላገኘ ቆዳው ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፤ ዲ3 ከሌለም የበላው ካልሲየም ከአንጀቱ በሚገባ ወደ ደሙ አይገባም። እዚህ ቤት ውስጥ የምናየው አቀማመጥ፣ ማለትም የሽቦ ቤቱን ብርሃን ከሚገባበት መስኮት ሥር ማድረግ፣ ደግ ሐሳብ ቢመስልም የመስኮት መስታወት ይህንን ጨረር ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። እስስቱ ብርሃኑንና ሙቀቱን ያገኛል፤ አጥንቱ የሚፈልገው ግን አይደርሰውም። መስኮቱ ካልተከፈተ ወይም እንስሳው በወንፊት ቤቱ ሆኖ በረንዳ ላይ ካልወጣ፣ ለዚሁ የተሠራ አምፖል የግድ ነው። አምፖሉም ቢሆን መብራቱ ሳይቀንስ ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ፣ እንደ ዓይነቱ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ አለበት። በረንዳ ላይ ሲያወጡት ግማሹ ቤት ጥላ ይሁን፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች ከተማ የጠዋቱ ፀሐይ ቀላል አይደለችም።

ይኸው ከፍታ የሚያመጣው ሁለተኛው ችግር የሌሊቱ ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማዋ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ በክረምት ደግሞ ቀኑም ጭምር ይደበዝዛል። የየመን እስስት የሚሞቅበት ቅርንጫፍ ላይ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ፣ በቀረው የቤቱ ክፍል ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የሌሊት ቅዝቃዜ ለእርሱ ተፈጥሯዊ ቢሆንም፣ እርጥብ ሆኖ መቀዝቀዝ ግን ይጎዳዋል። ማታ ቅጠሉ ሁሉ በውሃ ተረጭቶ መብራት ቢጠፋ፣ እስስቱ እስኪነጋ በዚያ እርጥበት ውስጥ ያድራል፤ የመተንፈሻ ኢንፌክሽንም ከዚህ ይጀምራል።

[ምስል፦ እስስቱ አንገቱን ወደ ላይ ቀንቶ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ።]

ይህ አቀማመጥ በሚገባ ይታይ። እስስት ከአምፖሉ ሥር ሆኖ አፉን ከከፈተ ሞቆት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጥላው ሲሄድ አፉ ከተዘጋ አምፖሉን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ሳይሞቀው አፉን ከከፈተ፣ ለመተንፈስ አንገቱን ወደ ላይ ካነሣ፣ ሲተነፍስ የፉጨት ወይም የመንቋቋት ድምፅ ከተሰማ ወይም በአፉ ጠርዝ አረፋ ከታየ ግን ሳንባው ታሟል። ተሳቢ እንስሳት እንደ እኛ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌላቸውና አክታን በሳል ጠርጎ ማውጣት ስለማይችሉ፣ በሰው ላይ ጉንፋን ሆኖ የሚያልፈው በእነርሱ ላይ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የቡና ሥነ ሥርዓት በሚደረግበት ክፍል ውስጥ ያለ እስስት የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ተጨማሪ ሸክም ስለሚሆንበት፣ ረከቦቱን ወይም እስስቱን ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ይገባል። (የትኛው እንደሚቀል የቤቱ እመቤት ትወስናለች።)

አፉን ሲከፍት ድዱንም ይመልከቱ። የተሳቢዎች መግል እንደ እኛ ፈሳሽ ሳይሆን አይብ የመሰለ ጠጣር ስለሆነ፣ በድዱ ጠርዝ የሚታየው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ጓጓላ የምግብ ትርፍራፊ ሊመስልዎ ይችላል። በእንጨት አይፋቁት፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ተበክሎ ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ በነጭ ወረቀት ላይ የወደቀ ኩስ፤ ተጠግቶ።]

ከሁሉ ይልቅ ታማኝ ሆኖ የሚገኘው፣ የሚያሳዝነው ግን ማንም ሳያየው የሚጣለው ኩሱ ነው። በቤቱ ወለል ላይ ነጭ ወረቀት ያንጥፉ። የእስስት ኩስ ሁለት ክፍል አለው፦ ቡናማው ሰገራው ሲሆን፣ ነጩ ደግሞ ደረቅ ሽንቱ፣ ማለትም ዩሪክ አሲዱ ነው። ነጩ ክፍል ነጭ ከሆነ ውሃ ጠግቧል፤ ጫፉ ላይ ጥቂት ቢጫ ቢታይ ይህን ያህል አያስጨንቅም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ብርቱካንማ ከተለወጠና ከጠጠረ ግን ውሃ አጥሮታል፤ ይህ ሲቆይ ኩላሊቱን ይጎዳል። ውሃ በሳሕን አቅርበውለት አልጠጣም ብለው አይገረሙ፤ እስስት ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ እንጂ ቆሞ የተቀመጠ ውሃ መኖሩን ብዙ ጊዜ አያስተውልም። ማለዳ አምፖሉ ከመብራቱ በፊት ቅጠሉን መርጨትና ቀን ላይ ጠብታ የሚያወርድ ዕቃ ከላይ መስቀል ይበጃል።

ቡናማው ክፍል ከቀጠነ፣ ከከረፋ ወይም ያልተፈጨ ፌንጣ ከታየበት ጥገኛ ተዋስያን ይጠረጠራሉ። እዚህ ላይ የከተማችን ነዋሪ ያለበትን ችግር መካድ አይቻልም፦ ፌንጣው ብዙውን ጊዜ ከሣር ላይ የተያዘ ነው። እንዲህ ያለው ነፍሳት ጥገኛ ተዋስያን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ፀረ ተባይ ከተረጨበት ግቢ ወይም ፍሊት ከተነፋበት ቤት የተያዘ ፌንጣና በረሮ ደግሞ እስስቱን በቀጥታ ሊመርዘው ይችላል። በቤት የተራባ ነፍሳት ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ሴት እስስት ያላቸው ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለባቸው። የየመን እስስት ወንድ ባታይም እንቁላል ትጥላለች፤ በአንድ ጊዜም ብዙ ደርዘን ሊሆን ይችላል። ሊደርስ ሲል መብላት ታቆማለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ ወደ ወለሉ ወርዳ ትጭራለች፤ ይህ ሕመም አይደለም። የምትቆፍርበት ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ ካላገኘች ግን እንቁላሉን በሆዷ ልታስቀረው ትችላለች። መጫሯን ትታ፣ ሆዷ እንደተነፋ ወለሉ ላይ ከተኛችና ዓይኗን ከጨፈነች የሰዓታት ጉዳይ ሆኗል፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ዓይን የሚያታልልበት ጊዜ ስላለ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በኩሽና ዲጂታል ሚዛን ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ አድርገው ይመዝኑት፤ ቁጥሩንም በግራም ይጻፉ። ጎልማሳ እስስት አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ቢውል ብዙ አይደለም፤ ሴቷ እንቁላል ሳትጥል በሁለት ሳምንት ውስጥ የክብደቱ አንድ አሥረኛ መቀነሱ ግን መልኩ ምንም ያህል ደኅና ቢመስል የሕመም ምልክት ነው።

በመዲናችን ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮች አብዛኛው ሥራቸው ውሻና ድመት ስለሆነ፣ ሐኪሙ እስስት አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፤ የበግ ኩስ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ላቦራቶሪ የእስስትንም በዚያው ዘዴ መመርመር ይችላል። ኩሱን በንጹሕ ትንሽ ዕቃ፣ ሳይደርቅ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያድርሱት፤ የክብደቱን መዝገብ፣ የቤቱን የቀንና የሌሊት ሙቀት፣ የአምፖሉን ዓይነትና የተገዛበትን ወር ጽፈው ይያዙ። የአተነፋፈሱን ድምፅም በስልክዎ ይቅረጹት፤ ክሊኒኩ ደርሶ በፍርሃት ዝም ሊል ይችላል።

ሲወስዱት ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ የሚጨብጠው ቅርንጫፍ አግድመው፣ በጎኑ የሞቀ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልለው ያስቀምጡለት፤ ካርቶኑም ይከደን፤ ጨለማው ያረጋጋዋል። ካስቀመጡት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ የሚመስል ተሳቢ እንስሳም ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላልና፣ የእርሱ ዕቃ በምግብ ማብሰያ ገንዳ አይታጠብ። የሐኪሙን ቀጠሮ እስኪያገኙ ድረስ ከፋርማሲ የተገዛ የሰው አንቲባዮቲክ ከፋፍለው አይስጡት። በዚያ ጊዜ ሊያደርጉለት የሚችሉት ትልቁ ነገር ሙቀቱን ማስተካከል ነው፤ የቀዘቀዘ እስስት የበላውን መፍጨትም ሆነ ሐኪሙ የሚሰጠውን መድኃኒት በሚገባ መጠቀም አይችልም።