ያልተቃጠለ ሬሳ፣ ሬሳ አይደለም

ዛሬ ስልኩ ሲጮህ የዋለው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ጌም ኦፍ ትሮንስ የቁም ሙቶችና ከሰሜን ስለሚያግዳቸው የበረዶ ግንብ። ተከታታይ ፊልሙን ያልጨረሳችሁ ሬዲዮውን አጥፉት። በኋላ «ጨረስክብን» ብሎ መደወል የለም።

ጋሼ፣ ዋይት እና ዋይት ዎከር አንድ ናቸው? (ከአዳማ)

አይደሉም። በእኛ አፍ ስማቸው መመሳሰሉ ነው ጉዱ። ዋይት ዎከር ጌታው ነው። የበረዶ ፍጡር ነው፤ ያስባል፣ ያዛል፣ ፈረስ ይጋልባል። ፊልሙ በተሠራበት መጽሐፍ «ሌሎቹ» ነው የሚባሉት። ዋይት ደግሞ ሞቶ የተነሣ ሬሳ ነው። ዓይኑ ሰማያዊ፣ እጁ ጥቁር ነው። ፈረስም ድብም ዋይት ይሆናል። እኔ የቁም ሙት የምለው ይህን ሁለተኛውን ነው እንጂ የሰፈራችሁን ሰነፍ አይደለም።

በምንድን ነው የሚገደሉት? (ከሐዋሳ)

ዋይት ዎከር በባልጩት፣ በፊልሙ ደግሞ በአስማት በተሠራው በቫሊሪያ ብረትም። ዋይት በእሳት። በጎራዴ ቆራርጬ እገላገላለሁ ያለ ተሳስቷል፤ የተቆረጠው እጅ ራሱ ይንቀሳቀሳል። አቃጥሉ! ያልተቃጠለ ሬሳ፣ ሬሳ አይደለም።

በፊልሙ ባልጩት ዋይትንም ይጥላል። በመጽሐፉ ግን የግንቡ ጠባቂ ሳም አንዱን ዋይት ዎከር በባልጩት ጩቤ ከገደለ በኋላ በሌላ ቀን ዋይት ገጠመውና ያው ጩቤ የሬሳው የብረት ልብስ ላይ ተሰባበረ። ያዳነው አፉ ውስጥ የጎሰጎሰው ፍም ነው። ስለዚህ መጽሐፉንና ፊልሙን አትቀላቅሉ።

ባልጩት እኛም አገር አለ አይደል? መልካ ቁንጥሬ ሄጄ ባመጣስ? (ከቢሾፍቱ)

አለ እንጂ። እዚያ አካባቢ ስሙ ራሱ ባልጩት የሚባል ቦታ አለ፤ የጥንት ሰዎች መሣሪያ ይጠርቡበት ነበር። እሳተ ገሞራ የተፋው ቅላጭ ድንጋይ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ነው ባልጩት የሚሆነው። ልብ ወለዱም «የቀዘቀዘ እሳት» ይለዋል፤ ይህን አሳምሮ ነው ያሰበው። ግን መልካ ቁንጥሬና ባልጩት በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጎብኝተህ ተመለስ። አንዲት ጠጠር እንዳታነሣ፣ አደራ።

ግንቡ ቁመቱ ስንት ነው?

700 ጫማ። 213 ሜትር ገደማ።

ግንቡ አስማት ካለው፣ በጠባቂዎቹ ምሽግ በካስል ብላክ ውስጥ ያ ሬሳ እንዴት ተነሣ? (ከደሴ)

ተባረኪ እህቴ። ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሻይ ያላችሁ ሻያችሁን ያዙ፤ ይረዝማል።

ሰው ሁሉ «ግንቡ አለ፣ ምን እንሆናለን» ይላል። ይሄ ነው የሚያስጨርሰው። የግንቡ ድግምት የሚከለክለው በራሱ እግር የሚመጣውን ነው። ኮልድሃንድስ የሚባለውን ሙት አስታውሱ። ደግ ነው፣ ሳምን ከሞት አድኗል፤ ግን የሞተ ስለሆነ ግንቡን ማለፍ አልቻለም። ሳም ሄዶ በናይትፎርት ምሽግ ሥር ያለውን ጥቁር በር መክፈት ነበረበት። ያ በር ደግሞ የግንቡን ጠባቂዎች መሐላ ለሚናገር የጥበቃው ወንድም ብቻ ነው የሚከፈተው። አያችሁ? ክልከላው ጠንካራ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለት ጠባቂዎች፣ ኦቶር እና ጄፈር ፍላወርስ፣ ከግንቡ ማዶ ሞተው ተገኙ። ሳም ፈሪ ነው ይባላል፤ ዓይኑ ግን አይፈራም። ሬሳው አይሸትም፣ ደሙ ደርቋል፣ ውሾቹም አንጠጋም አሉ። ውሻ እንዲህ ሲል መስማት ነው! እነሱ ግን «ሐኪሙ ሜስተር ኤሞን ይመርምራቸው» ብለው ተሸክመው አስገቧቸው። ሌሊት ሬሳዎቹ ተነሡ። የጠባቂዎቹ አዛዥ ሞርሞንት ለጥቂት ተረፈ፤ ወጣቱ ጠባቂ ጆን ስኖው እጁን አቃጥሎ ነው ያዳነው። ጥቂት ጠባቂዎች ግን አልተረፉም።

ማን አስገባቸው? በሕይወት ያለ ሰው፣ በገዛ እጁ። ታዲያ ይሄው ጆን፣ እጁ ላይ ጠባሳ ይዞ፣ በአምስተኛው መጽሐፍ ሬሳ አስመጥቶ የበረዶ እስር ቤት ውስጥ ያስቀምጣል። ይነሡ እንደሆነ ለማየት! ልጄ ቢሆን ጆሮውን ነበር የምይዘው። በፊልሙም ያው ነው፤ በሰባተኛው ምዕራፍ የሚንፈራገጥ ዋይት ሣጥን ውስጥ ቆልፈው በደቡብ እስካለችው ዋና ከተማ እስከ ኪንግስ ላንዲንግ ድረስ ወሰዱት።

ራእይ የሚያየው ልጅ ብራን ከግንቡ ማዶ የተጠለለበትን ዋሻም አትርሱ። እዚያም ሙታን መግባት አይችሉም ነበር። በፊልሙ ልጁ ብቻውን ወደ ራእይ ገባ፤ የዋይት ዎከሮቹ አለቃ የሌሊቱ ንጉሥ ክንዱን ያዘው፣ ምልክት ቀረበት። በዚያች ምልክት የዋሻው ክልከላ ፈረሰ፣ ልጁን ተሸክሞት የሚሄደው ሆዶርም ያለቀው በዚያው ነው። 2016 ላይ ነበር፤ እኔ እስካሁን አልወጣልኝም።

አንድ ነገር ደግሞ። «እኛ አገር ሬሳ አይቃጠልም» ብላችሁ እንዳትደውሉ። አውቃለሁ። የኛ ሰው በክብር ይቀበር። እኔ የማወራው ከግንቡ በስተሰሜን ስለሚሞት ነው። እዚያ፣ ያልተቃጠለ ሬሳ፣ ሬሳ አይደለም።

ታዲያ የሞተው ዘንዶ ግንቡን ሲንደው ድግምቱ የት ሄደ? (ከጅማ)

ፊልሙ አላብራራም። ብራን ያን ምልክት ይዞ ስላለፈ ነው የሚሉ አሉ፤ ግምት ነው። በመጽሐፉ፣ በ2011 በወጣው አምስተኛው ቅጽ፣ ግንቡ እንደቆመ ነው። አትቀላቅሉ ብያለሁ።

ውሃ ያቆማቸዋል?

በፊልሙ ከግንቡ ማዶ ባለችው የባሕር ዳር መንደር በሃርድሆም፣ ባሕሩ ዳር ቆመው ሲያዩ ነበር። በመጽሐፉ ግን ከዚያው ከሃርድሆም የመጣው ደብዳቤ ውሃው ውስጥም ሙታን አሉ ይላል። ስለዚህ ጀልባ ላይ ተኝታችሁ አታንኮራፉ።

አንዱ ጌታ ሲሞት ሁሉም ይወድቃሉ? (ከሪያድ)

በፊልሙ እሱ ያስነሣቸው ይወድቃሉ። 2019 ላይ የብራን እህት አርያ የሌሊቱን ንጉሥ ስትወጋው ሠራዊቱ በሙሉ ተዘረረ። በመጽሐፉ እንዲህ ያለ ንጉሥ እስካሁን አልመጣም።

ጋሼ፣ ሚኒሶታ ነኝ። ሌሊት በረዶ ስጠርግ አድሬ ሁለት ጣቶቼ ደንዝዘው ጠቆሩ። ጓደኞቼ «ዋይት ሆንክ» እያሉ ይስቁብኛል። እውነት ግን ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ይሄ የኔ ጉዳይ አይደለም። አትሽው። በረዶ አትቀባው። ምድጃም ላይ አትደግነው፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አያውቅም። ለአንድ ጊዜ እንኳ እሳት አይሁን እያልኩህ ነው። ስልኩን ዝጋና አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ። ዓይንህ ሰማያዊ ከሆነ ብቻ ወደ እኔ ደውል።