ገመዱን የምንለቅበት ቅጽበት
(በፈረስ የመንገድና የመሰናክል ጉዞ ለሚጀምሩ ሰዎች የተደረገ ንግግር)

ውድ እንግዶች፣ ፈረስ መጋለብ ለመጀመር የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የተገኛችሁ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲባል እየሰማን አደግን። ተረቱን ለረጅም ጊዜ የጦርነት ነገር ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው። በፈረስ ጫካና ሸለቆ ማቋረጥ ከጀመርኩ በኋላ ግን በሌላ በኩል ገባኝ። ፈረሱ ድልድዩ አፍ ድረስ ያደርሳል፤ እዚያ ቆሞ ጆሮውን ቀስሮ ሲያመነታ የሚቀረው ሥራ የጋላቢው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሥራ ነው።

መሰናክል ሲባል ብዙ ሰው ፈረስ በአየር ላይ የሚዘለው ከፍ ያለ አግዳሚ ይታየዋል። የእኛ መሰናክሎች መሬት መሬቱን ናቸው፦ የወደቀ ግንድ፣ ጠባብ የእንጨት ድልድይ፣ የተነጠፈ ሸራ፣ ከኮርቻ ሳይወርዱ ተከፍቶ የሚዘጋ በር፣ በሁለት አግዳሚዎች መካከል ወደ ኋላ መራመድ። ከፈረንሳይ የመነጨ ትሬክ የሚባል ውድድር አለ። ከፈተናዎቹ አንዱ በጠባብ መስመር ውስጥ ይካሄዳል፤ በእርምጃ ፈጥኖ ያለፈ፣ በግልቢያ ደግሞ ቀስ ብሎ ያለፈ ፈረስ የተሻለ ነጥብ ያገኛል። ይህን ሕግ በጣም እወደዋለሁ። ፈረስን ማሮጥ ማንም ይችላል፤ እየጋለበ ተረጋግቶ እንዲቆይ ማድረግ ግን የወራት ሥራ ነው።

ኮርቻ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ፈረሱ ዓለምን እንዴት እንደሚያይ እወቁ። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ከ360 ዲግሪ ወደ 350 የሚጠጋውን አንገቱን ሳያዞር ያያል። የማይታዩት ከግንባሩ ፊት እጅግ ቅርብ ያለው ነገርና በቀጥታ ከጭራው በስተኋላ ያለው ነው። ስለዚህ ግንድ አጠገብ ደርሶ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ልጓሙን አታጥብቁበት፤ የሚረግጠውን እየመረመረ ነው። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለም ያለ ጥላ ሲገባም ዓይኑ ከእኛ ዓይን ዘግይቶ ይላመዳል። ጥላው ደጃፍ ላይ ቆም ቢል እልኸኛ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት፤ እስኪያይ ጠብቁት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጀማሪነቴ ዘመን አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረችኝ። አንድ ቀን ሰማያዊ ሸራ ሣር ላይ አነጠፍኩና በላዩ ላሳልፋት ገመዷን ይዤ ጎተትኳት። በጎተትኩ ቁጥር ወደ ኋላ ትሸሻለች። ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልን። በመጨረሻ ክንዴ ሲዝል ገመዱን አላላሁት፤ ያላላሁት ደግሞ ልክ ወደ ኋላ እየሸሸች ሳለ ነበር። በማግስቱ ሸራውን ገና ከሩቅ ስታይ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ግራ ገብቶኝ ስመለከት አንድ አዛውንት ፈረሰኛ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ትናንት ያስተማርካት ይህንኑ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሸራውን በሸሸች ጊዜ ዕረፍት የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ገመዱን ተቀብለውኝ ከሸራው ሦስት እርምጃ ያህል ርቀው ቆሙ። ገመዱን የወጠሩት በሁለት ጣት ነው ማለት ይቻላል። ባዝራዋ ጆሮዋን ወደ ሸራው ስትቀስር ለቀቁላት። አንገቷን ስታስግግ ለቀቁላት። አፍንጫዋን አውርዳ ሸራውን አሽትታ ስታናፋ፣ ለቀው ትከሻዋን አሹላት። ከዚያ የፊት ግራ እግሯን አንስታ ሸራውን በኮቴዋ መታ አደረገችው፤ ሸራው ሲንኮሻኮሽ በርግጋ ዘለለች። እሳቸው አልተቆጡም፣ አልጎተቱም፤ ቆመው ጠበቋት። ራሷ ተመልሳ መጣች። ጥቂት ቆይታ አራት እግሯም ሸራው ላይ ነበር፤ ከንፈሯን እየላሰች ቆማለች።

ይህን በዝርዝር የነገርኳችሁ ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው። ፈረስ የሚፈለግበትን የሚያውቀው ጫናው በተነሣበት ቅጽበት ነው። ገመድም ይሁን ዛብ ወይም የእግራችሁ ግፊት፣ ፈረሱ ለመታዘዝ ባሰበበት ሰዓት ማንሣት አለባችሁ። አንድ እርምጃ ዘግይታችሁ ብትለቁ ሌላ ትምህርት ሰጣችሁት። ስለዚህ መጀመሪያ በእግራችሁ ቆማችሁ ገመድ ይዛችሁ ተለማመዱ። በመሬት ላይ ሆናችሁ ያላሳለፋችሁትን ፈረስ ኮርቻ ላይ ሆናችሁ አሳልፋለሁ አትበሉ።

የፈረስ ምርጫን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፦ ጀማሪ ሰው ከጀማሪ ፈረስ ጋር አይጣመር። መንገዱን ብዙ ጊዜ የተመላለሰ፣ ዕድሜው የጠና ፈረስ ፈልጉ፤ መልኩ አያታላችሁ። ክብደታችሁ ኮርቻውን ጨምሮ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ 400 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 80 ኪሎ ማለት ነው። የራስ ቁር አድርጉ። ጫማችሁ ተረከዝ ይኑረው፤ እግራችሁ በእርካቡ ሾልኮ እንዳይገባ የሚያግደው ተረከዙ ነው። የኮርቻውን የሆድ ጠፍር ደግሞ ጥቂት ከተራመዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹት። ብዙ ፈረስ ሲጫን ደረቱን ይነፋና በኋላ ይላላል።

በቡድን ስትጓዙ ከፊታችሁ ካለው ፈረስ ቢያንስ የአንድ ፈረስ ርዝመት ያህል ራቁ። ጭራው ላይ ቀይ ጥብጣብ የታሰረለት ፈረስ ይራገጣልና ከዚያም በላይ ራቁ። ዳገት ላይ ወደፊት ዘንበል ብላችሁ ጋማውን ያዙ እንጂ በዛብ አትንጠልጠሉ፤ አፉን ይጎዳዋል። በቁልቁለት ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ፈረሱም ሳይንጋደድ ቀጥታ ይውረድ።

ወንዝ ላይ ደግሞ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ቀድማችሁ የተሻገራችሁ፣ የመጨረሻው ፈረስ እስኪሻገርና ጠጥቶ እስኪጨርስ ቁሙ። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ጓደኞቹ ሲርቁ ካየ ውኃውን ረስቶ ይደነብራል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው በራሱ ስህተት ሳይሆን ከፊቱ ያሉት ሰዎች ስለቸኮሉ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ሜዳው እንወጣለን። ሸራው ተነጥፏል፤ አንዲት ከዚህ በፊት ሸራ ረግጣ የማታውቅ ባዝራም እየጠበቀችን ነው። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ከኋላዋ አርቁልን። ገመዱን የምትይዙት እናንተ ናችሁ፤ እኔ አጠገባችሁ ቆሜ «ልቀቅ»፣ «ልቀቂ» እላለሁ። መጀመር የምትፈልጉ ወደፊት ቅረቡ።