ከኤርታ አሌ ሥር ድንጋይ የሚቀልጠው እንዴት ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሥነ ምድር መምህራንና ተማሪዎች፣

እሳተ ገሞራ በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን ከምንቆምበት መሬት ሥር የቀለጠ ድንጋይ ባሕር የተንጣለለ ይመስለናል። ይህ ግንዛቤ መታረም አለበት። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል ሙቀቱ ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ቢሆንም በአብዛኛው ጠጣር ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ የማይችሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች ማንትሉን አቋርጠው መሄዳቸውም ይህንኑ ያረጋግጥልናል።

ያን ያህል የጋለ አለት ሳይቀልጥ የሚቆየው በግፊት ምክንያት ነው። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ከላይ የሚጫነው ክብደት ስለሚበረታ፣ ድንጋዩ ለመቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀትም አብሮ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ በመሆኑ ነው፤ ማንትልም ግፊቱ ሲቀንስለት ተጨማሪ ሙቀት ሳያስፈልገው መቅለጥ ይጀምራል።

በአፋር የሚሆነው ይኸው ነው። የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች (የምድርን ውጫዊ ክፍል የሚሠሩ ግዙፍ የአለት ሰሌዳዎች) እየተራራቁ ቅርፊቱን ሲያሳሱት፣ ከሥር ያለው የጋለ ማንትል ጠጣር እንደሆነ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ከፊሉ ብቻ ይቀልጣል። ቅልጡ በዙሪያው ካለው አለት ስለሚቀልል በማዕድናቱ መካከል ሰርጎ ይጠራቀምና መውጫ ይፈልጋል። 613 ሜትር ከፍታ ባለው ኤርታ አሌ ለአሥርት ዓመታት የታየው የላቫ ሐይቅ የዚህ ጉዞ መድረሻ ነው። የሐይቁ ገጽ አየር ሲነካው ጠቁሮ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ ወዲያው ይሰነጠቅና በስንጥቁ ከ1,100 ዲግሪ በላይ የጋለው ብርቱካናማ ላቫ ይታያል፣ የተቆረሰውም ቁራጭ ተመልሶ ይሰምጣል። ይህን ያየ ሰው ድንጋይ ፈሳሽም ጠጣርም መሆኑን በአንድ ቦታ ያያል።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ቅልጥ ለዓይን አይበቃም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ባለው የዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የቅልጥ አለት ግድግዳ በቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ሲያራርቀው፣ ከምድር በላይ የወጣው እጅግ ጥቂት ነበር።

ሙቀት በራሱ ድንጋይ የሚያቀልጠው እንዲህ ያለው ቅልጥ በቅርፊቱ ውስጥ ተከማችቶ ሲቆይ ነው። ከማንትል የመጣው የባዛልት (ሲቀዘቅዝ ጥቁር ድንጋይ የሚሆን) ቅልጥ ከአጠገቡ ያለውን ግራናይት መሰል አለት ያግለዋል፤ በአለቱ ውስጥ ውኃ ካለ ደግሞ መቅለጫው ወደ 700 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ከዚህ የሚወለደው ቅልጥ ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) የበዛበትና ወፍራም በመሆኑ ጋዙን አፍኖ ይይዛል፤ ሲፈነዳም ከኤርታ አሌ ረጋ ያለ ፍሰት ይልቅ እጅግ አደገኛ ነው።

አመሰግናለሁ።